የእንግሊዝኛና የአማርኛ ቋንቋ አመጣጥ

በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «አማርኛ ለተረትና ለገበያ ይበቃል እንጂ ለእውቀት የሚሆን ቋንቋ አይደለም፤ የእውቀት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» የሚል ነው። ክርክሩ እንዲያው ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ስንማር ቈይተን ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንብናል። ከገጠር የመጣ ተማሪ ነገሩን እያወቀው ቃሉ ጠፍቶት ዝም ሲል፣ ዝምታው እንደ አለማወቅ ይቈጠርበታል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ራሱ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ለመመርመር ፈለግሁ፤ ያገኘሁትንም ለአንባቢዎች አቀርባለሁ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉትን ዓመታት እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቻቸዋለሁ።

እንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝ አገር በእንግድነት የገባ ቋንቋ ነው። ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አንግልና ሳክሶን የሚባሉ ነገዶች ዛሬ ጀርመንና ዴንማርክ ከሚባሉት አገሮች ባሕር ተሻግረው ሲሰፍሩ ይዘውት መጡ። በ1066 እ.ኤ.አ. ግን የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም አገሪቱን በጦር ያዘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የትምህርቱ ቋንቋ ላቲን ሆነ፤ እንግሊዝኛ የባላገር አፍ ሆኖ ቀረ። የዚህም ምልክት እስከ ዛሬ በቃላቱ ላይ ይታያል። በሬ በገበሬው በረት ሳለ «ኦክስ» ይባላል፤ ታርዶ ከገበታ ሲቀርብ ግን ከፈረንሳይኛ በመጣ ስም «ቢፍ» ይሆናል። ያረባው አንዱ፣ የበላው ሌላው መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

በ1362 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሕግ ወጣ። የሚያስቀው ነገር ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑ ነው። በዚያው መቶ ዓመት ቾሰር የሚባለው ባለቅኔ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ በ1476 እ.ኤ.አ. ካክስተን የመጀመሪያውን ማተሚያ በእንግሊዝ አገር አቆመ። ቲንደል የሚባለው ሊቅ ደግሞ ሐዲስ ኪዳንን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1526 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አሳተመ። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝ የገባው በድብቅ ነበር፤ ተርጓሚውም በ1536 እ.ኤ.አ. በሞት ተቀጣ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ለመማር የሚሻማበት ቋንቋ በገዛ አገሩ እንዲህ ያለ መከራ አይቷል።

ሁላችንንም የሚያስጨንቀን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነገርም መነሻው ታሪክ ነው። ሌሊት ማለት «ናይት»፣ ፈረሰኛ ወታደር ማለትም «ናይት» ነው፤ ሁለተኛው ግን የማትነበብ «ኬ» ከፊቱ ይጨመርለታል። ይህች ፊደል በጥንት ጊዜ በእርግጥ ትነበብ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ማተሚያው ጽሕፈቱን አጽንቶት ስለነበር ፊደሏ ቀረች። በዚህ ነገር እንግሊዞችን ለመሳቅ የሚቃጣው ካለ አስቀድሞ የራሱን ፊደል ይመልከት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። በመንደራችን ያሉትን የኔታ ስለዚህ ብጠይቃቸው «ሰረቀ ቢሉ የሰው ገንዘብ ወሰደ ነው፤ ሠረቀ ቢሉ ፀሐይ ወጣች ነው፤ ምሥራቅም ከዚህ ይወጣል» ብለው መለሱልኝ። በግዕዝ ልዩነቱ ቁም ነገር አለው። አንዳንድ ሰዎች ትርፎቹ ፊደላት ከአማርኛ ይቀነሱ ይላሉ፤ እኔ ግን የቃሉን ዘር የሚያሳዩ ስለሆኑ ባይነኩ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አማርኛ ልመለስ። ላቲን ለእንግሊዝኛ እንደ ነበረ ሁሉ ግዕዝም ለአማርኛ የበላይ ነበር። ነገሥታቱ በአማርኛ ይነጋገሩ ነበርና ልሳነ ንጉሥ ተብሏል፤ ዜና መዋዕላቸው ግን የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የከተማችን ስም እንኳ ይህን ያሳያል፤ በአማርኛ ቢሆን «የሰላም መንገድ» በተባለ ነበር፣ ክብር ሲፈለግለት ግን በግዕዝ ፍኖተ ሰላም ተባለ። በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ጥንታዊ የሚባሉት ከ14ኛው መቶ ዓመት ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው።

አማርኛን ለመጻፍ የግዕዝ ፊደል ብቻውን አልበቃም። ልጅ፣ እንጀራ፣ ጨው፣ ቸር፣ ሽማግሌ የሚሉትን ቃላት በግዕዝ ፊደል ጻፉ ብንባል እንቸገራለን። ስለዚህ አባቶቻችን ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከከ ኸን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን በትንሽ ምልክት አወጡ፤ ሰባት አዳዲስ ፊደላት ማለት ነው። የዓረፍተ ነገሩም አሠራር ተለወጠ። በግዕዝ «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ሲባል ግሡ ይቀድማል፤ በአማርኛ ግን «ንጉሡ ቤት ሠራ» ብለን ግሡን መጨረሻ እናደርገዋለን። የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ከአገውኛና ከመሰል ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ የአዊ ተማሪዎች ወንድሞቻችን አማርኛን ሲናገሩ ከገዛ አያቶቻቸው ቤት የወጣ ነገርም አብረው ይናገራሉ።

የእኛ አገር ከእንግሊዝኛ ጋር የተገናኘችው በዓባይ ምክንያት ነው። አባ ጴሮ ጳኤዝ የሚባለው የእስፓኝ ሰው ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1610 ዓ.ም. የግሽን ምንጭ አየ። በ1763 ዓ.ም. ደግሞ ጀምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው ግሽ ደረሰ፤ ያየውንም በ1790 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ አሳትሞ የግሽን ስም በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዘንድ አስጠራ። ሁላችንም ይህን በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከጎጃም ወጥቶ ለአማርኛ ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሠራውን ሰው ስም ከክፍል ጓደኞቼ ብጠይቅ የሚያውቀው አላገኘሁም።

ይህ ሰው አቡ ሩሚ ይባላል፤ አባ አብርሃም እየተባለም ይጠራል። በወጣትነቱ ለብሩስ አስተርጓሚ ሆኖ እንዳገለገለ ይነገራል። ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ፋርስና ወደ ሕንድ ተጓዘ። በሕንድ አገር ሰር ዊልያም ጆንስን እንዳስተማረ ይነገራል፤ ጆንስ ማለት ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የወጡ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ በ1786 እ.ኤ.አ. የተናገረው ሊቅ ነው። በመጨረሻ አቡ ሩሚ በካይሮ ታሞ ሳለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን የነበረው አስላን አስታመመው፤ ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ለመመለስ ተስማሙ። ዐሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ አስላን በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ቃል በቃል ይመረምር ነበር። ሲፈጸም 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ግን ብዙም ሳይቈይ በወረርሽኝ በካይሮ ሞተ፤ ሥራው ሲታተም አላየም። ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን በ1840 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ቲንደል ለእንግሊዝኛ ያደረገውን የጎጃሙ ሰው ለአማርኛ አደረገ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት የሄደ ነው። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪካቸውም ደብዳቤያቸውም በአማርኛ ተጻፈ። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. በሮማ አሳተሙ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አወጡ። የጎጃም ባላገር አነጋገር በመጽሐፍ ላይ እንዴት እንደሚያምር ለማየት የሚፈልግ እርሱን ያንብብ።

በሌላ በኩል የውጭ ቃላት ገቡ። ጎማ፣ ፖስታ፣ ጋዜጣ ከጣልያንኛ፣ ቢሮ ከፈረንሳይኛ፣ ስልክ ከዓረብኛ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና፣ እንግሊዝኛ የበላይ የሆነው ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እንግሊዝኛ ራሱ ቃል ሳይበደር ያደገ ስላልሆነ አማርኛ ተበደረ ብሎ ማፈር አይገባም። ሲቻል ደግሞ ከራስ ማውጣት መልካም ነው። በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት «ሕዋስ»፣ «ስበት»፣ «ቶሎታ» የሚሉት ቃላት አሉ። ቶሎታ የተሠራው «ቶሎ» ከሚለው ቃል ነውና ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ፍቺውን ወደ መገመት ይደርሳል። «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚለው ግን ከእንግሊዝኛው ያላነሰ ከባድ ነው እላለሁ፤ ግዕዝ የማያውቅ ተማሪ ሁለቱንም ያለፍቺ ከመሸምደድ አይድንም።

ይህን ስል እንግሊዝኛን እንተው ማለቴ አይደለም። ፈተናችን በእርሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም የሚያስገባን እርሱ ነው፤ እኔም በትጋት አጠናዋለሁ። የምለው ሌላ ነው። በፊዚክስ ትምህርት «ዌጅ» የሚለውን ቃል በተማርን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ አዲስ ነገር የመጣ መስሎት ጻፈ። አባቴ የባሕር ዛፍ ሲፈልጡ በመጥረቢያ እየመቱ የሚያስገቡት ሽብልቅ ያው ነው፤ ማረሻውን ግራና ቀኝ ይዞ አፈሩን የሚገፋው ድግርም ሥራው ከዚህ አይርቅም። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው «ታዲያ ይህን ለመማር ነው ይህን ያህል መንገድ የምትሄድ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የእርሻና የሽመና፣ የወፍጮና የቤት ሥራ ቃላትን በአንድ ደብተር እየጻፍሁ በአንጻሩ የእንግሊዝኛውን ስም አስቀምጣለሁ። ከቡሬ፣ ከሰከላ፣ ከደንበጫ የመጣችሁ ጓደኞቼ በየቤታችሁ ያለውን ብታመጡልኝ ደብተሩ ቶሎ ይሞላል፤ የሽመናው ገጽ እስካሁን ባዶ ነው።