የሠራተኛ ማኅበር መሪ ሀብት፦ ሐሜትና ሒሳብ

 

በዛሬው ትምህርት የማነሣው ጉዳይ የዲን ጉዳይ የማይመስለን፣ ነገር ግን ከጁሙዓ ሰላት ወጥተን ገና ጫማችንን ሳናጠልቅ የምናወራው ነው። ባሕር ዳር የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጣና ዳሯን ትንሽ ከተማ የደመወዝተኛ ከተማ አደረጋት። ሠራተኛ ባለበት ማኅበር አለ፤ ማኅበር ባለበት ደግሞ የመሪው ኑሮ ወሬ ነው። "ባጃጅ ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ዓሣ ሲበላ ታየ" ይባላል። በሐይቁ ዳር ሻይ ቤት ይህንኑ የሚያወራ አንድ ሠራተኛ፣ ከደመወዙ ለማኅበሩ በየወሩ ስንት እንደሚቆረጥ ብጠይቀው አላወቀውም።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ የንጉሡን መንግሥት አስጨንቆ ነበር። ደርግ ይህን ማኅበር አፍርሶ በ1969 መኢሠማን ተከለ፤ ሕዝቡም ማኅበርን የቀበሌ ታናሽ ወንድም አድርጎ ማየት ለመደ። ከደርግ በኋላ የተቋቋመው ኢሠማኮ ደግሞ በ1987 ምዝገባው ተሰረዘ። የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማስተካከያ ፖሊሲ የተቃወሙት ሊቀመንበሩ ዳዊ ኢብራሂም ተሰደዱ፤ ኮንፌዴሬሽኑም በ1989 በሌሎች መሪዎች እንደገና ቆመ። እንግዲህ ኃያል የሚባለው መሪ ወንበሩንም አገሩንም እንዲህ ያጣል።

ሌባ መሪ የለም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የጭነት መኪና ሾፌሮች ማኅበር መሪ የነበረው ጂሚ ሆፋ የጡረታ ገንዘብን በሚመለከት ማጭበርበር በ1964 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበታል። በእኛ አገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው መዋጮ የሚቆርጠው ሠራተኛው ሲጠይቅ ነው፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይገባል። መሪውም ደመወዝተኛ ነው። ለድርድር፣ ለክርክር፣ ለስብሰባና ለሥልጠና ሕጉ ከነደመወዙ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከማሽኑ ተነሥቶ ሲሄድ ያየው ጓደኛው ግን "ተሾመ" ይለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ፈተናው ከመዋጮው ይልቅ ከአሠሪው በኩል የሚመጣው ስጦታ ነው።

ለዚህ የኢብኑ ሉትቢያ ታሪክ ይበቃል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ይህ ሰው ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ ከፊሉን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስረከበና ከፊሉን "ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው" አለ። እርሳቸውም ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። የማኅበር መሪም ከመመረጡ በፊት ያ ሥራ አስኪያጅ ዓሣ ይጋብዘው ነበር ወይ ብሎ ራሱን መጠየቅ ይችላል።

በሌላው ወገን፣ በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዝዞ፣ መሰለልንና ሐሜትን ከልክሏል። ቤቱን በውርስ ወይም በዕቁብ ብር ያገኘ ሰው ከሰው ሥጋ ጋር አብሮ እየተበላ ነው።

ይሁን እንጂ "አትጠርጥሩኝ" ብሎ ዝም ማለት ለመሪ አይበቃም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በረመዳን ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሊጠይቋቸው የመጡትን ባለቤታቸውን ሶፊያን (ረ.ዐ.) ሌሊት ሊሸኙ ተነሡ። ሁለት አንሷሮች አይተዋቸው በፍጥነት ሊያልፉ ሲሉ፣ አስቁመው ሴቲቱ ሶፊያ መሆኗን ነገሯቸው። ሰዎቹ ደነገጡ፤ እርሳቸውን ማን ይጠረጥራል? ሆኖም ሸይጧን በሰው ውስጥ እንደ ደም እንደሚዘዋወር ነገሯቸው። ከእርሳቸው የበለጠ ታማኝ የለም፤ ግን ሳይጠየቁ አስረዱ።

የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስለ አባላት መዋጮ፣ ስለ ገንዘብና ንብረት አያያዝ እንዲገልጽ አዋጁ ያዛል። አባል ደንቡን ያንብብ፤ በጠቅላላ ጉባኤም ተነሥቶ የገቢና የወጪውን ሒሳብ ይጠይቅ። መሪውም ሒሳቡን ጥያቄ ሳይጠብቅ ደመወዝ በሚከፈልበት መስኮት አጠገብ ይለጥፈው።