ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ መሣሪያ ስሙ ማን ነው?

የዛሬው ትምህርት ለኮምፒውተርና ለኤሌክትሪካል ተማሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። ነገር ግን ላፕቶፑ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ከፍቶ ሊኑክስ የሚሞክር ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ኢንሻአላህ።

አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት መሐመድ አህመድ ካሉ መምህሩ ውጤት የሚለጥፈው በመታወቂያ ቁጥር ነው። «ከፊት ሁለተኛ ወንበር ላይ የሚቀመጠው መሐመድ» ብሎ መለየትም ይቻል ነበር፤ ልጁ ነገ ወንበር ከቀየረ ግን ውጤቱ ለሌላ ሰው ይሄዳል። በቦታ መጥራትና በስም መጥራት ይለያያሉ። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ዳታ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ምሳሌያችን ኪሙ ይሁን። ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር የጀመረው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርክ ካርዱን፣ የዩኤስቢ መሰኪያውን ሁሉ በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራል። አንድ መሣሪያ ስትጨምሩ «ዲቫይስ» በሚለው ትእዛዝ ዓይነቱን ትነግሩታላችሁ፤ ከጎኑ «አይዲ» ብላችሁ ስም ልትሰጡት ትችላላችሁ። ስሙ በፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ነጥብና የግርጌ መስመር ይፈቀዳል። አንዱን ስም ለሁለት መሣሪያ ከሰጣችሁ ኪሙ ስሙ ተደግሟል ብሎ እምቢ ይላል።

ስም ካልሰጣችሁትስ? መሣሪያው ይሠራል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። ኪሙ መሣሪያዎቹን እንደ ፎልደር ዛፍ ያስቀምጣቸዋል። ስም ያለው «ማሽን» ሥር «ፔሪፈራል» ውስጥ በስሙ ይገባል። ስም የሌለው «ፔሪፈራል አኖን» ውስጥ ተራ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል፤ ዲቫይስ 0፣ ዲቫይስ 1 እየተባለ። ቁጥሩ የተፈጠረበት ቅደም ተከተል እንጂ መታወቂያ አይደለም። ነገ ስክሪፕቱ መሃል አንድ መስመር ብትጨምሩ የትናንቱ 1 የዛሬው 2 ይሆናል።

ኪሙ ራሱ ስም ማውጣት ሲያስፈልገው የሚያደርገው ነገር ደስ ይላል። የሚያወጣው ስም በ# ምልክት ይጀምራል፤ ተጠቃሚው ደግሞ # መጠቀም ስለማይፈቀድለት ሁለቱ በጭራሽ አይጋጩም። መጨረሻው ላይ ሁለት የዘፈቀደ አኃዞች ይጨምርበታል፤ ማንም ሰው ስሙን ገምቶ ስክሪፕት ውስጥ እንዳይጽፈው።

ስሙ በደንብ የሚያስፈልገው ማሽኑ እየሠራ መሣሪያ ስትነቅሉ ነው። የመንቀያው ትእዛዝ አይዲውን ወይም ሙሉውን የዛፍ መንገድ ይጠይቃል። ትእዛዙ ተቀባይነት አገኘ ማለት ደግሞ መሣሪያው ወጣ ማለት አይደለም፤ ውስጥ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም መስማማት አለበት። መውጣቱን የሚያበስር መልእክት እስኪመጣ ድረስ ያንን ስም ለሌላ መሣሪያ መስጠት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አይዲው የሚታየው ከውጭ ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ሊኑክስ «የዳታቤዝ ዲስክ» ብላችሁ መሰየማችሁን አያውቅም። እሱ የሚያየው ቪዲኤ፣ ቪዲቢ የሚል ስም ነው፤ ይህም እንደ ወንበሩ የቦታ ስም ነው። ቪዲቢን ፎርማት የሚያደርግ ስክሪፕት ጽፋችሁ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ከተለወጠ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ያለበት ዲስክ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ስጡ። ለቨርትአይኦ ዲስክ እስከ 20 ባይት ይፈቀዳል፤ ሊኑክስም «ባይ አይዲ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በሲሪያሉ ያሳያችኋል። ስክሪፕቱ በዚያ ይጥራው። ተጠንቀቁ፣ ሲሪያል ቢደጋገም እንደ አይዲው የሚከለክላችሁ የለም። የዲስክ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ ብትሰኩ ደግሞ የፋይል ሲስተሙ መለያም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ሁለተኛውን አልከፍትም ይላል።

ኔትወርክ ካርድም እንዲሁ ነው። የማክ አድራሻ ካልሰጣችሁት ኪሙ ለመጀመሪያው ካርድ 52:54:00:12:34:56 ይሰጠዋል። ለሁለተኛው ካርድ መጨረሻው 57 ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ማሽን ውስጥ ግጭት የለም። ሁለተኛ ማሽን ስታስነሱ ግን እሱም ከ56 ይጀምራል። ኪሙ በራሱ በሚያዘጋጀው ኔትወርክ እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ስለሆነ ምንም አይታይም። ሁለቱን አንድ ብሪጅ ላይ ያገናኛችኋቸው ዕለት አንድ አይፒ ይጋራሉ፣ ግንኙነቱም አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል። ሰው ኬብል ሲቀያይር፣ ፋየርዎል ሲያጠፋ ይውላል፤ መፍትሔው ግን አንድ ቁጥር መቀየር ነው። 52 ብሎ የሚጀምረው አድራሻ ፋብሪካ የሚሰጠው ሳይሆን በአካባቢ ለሚመደብ የተተወ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሦስት ባይቶች እንደፈለጋችሁ ምረጡ።

እየሠራ ያለ ማሽን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሲዛወርም የስም ነገር ይመጣል፤ እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኪሙ የዝውውር ዳታ ውስጥ የፒሲአይ መሣሪያ የሚለየው በአይዲው ሳይሆን በፒሲአይ አድራሻውና በዓይነቱ ነው። በተቀባዩ በኩል ካርዱ ሌላ ቦታ ከተሰካ ዝውውሩ ይከሽፋል። ስለዚህ ማዛወር ካሰባችሁ አድራሻውንም በግልጽ ጻፉ።

ኪሙን በሊብቨርት በኩል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ሁሉ አብዛኛውን እሱ ይሠራላችኋል፤ የማክ አድራሻ በዘፈቀደ ያወጣል፣ የፒሲአይ ቦታውንም መዝግቦ ይይዛል። መሣሪያውን በራሳችሁ ስም መጥራት ከፈለጋችሁ፣ ከ3.9.0 ስሪት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ስሙ ግን ዩ እና ኤ በሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላትና በሰረዝ መጀመር አለበት።