«ዲስክህ ተንሸራቷል» ከተባለ በኋላ

የ24 ዓመት ወጣት እናስብ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይውላል። አንድ ጠዋት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ሲያነሣ ወገቡን ቆረጠው። «ይተወኛል» ብሎ ጠበቀ፤ አልተወውም። በአራተኛው ወር ኤም አር አይ ተነሣና «ዲስክህ ተንሸራቷል» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጀሪካን አያነሣም፤ ኳስ ትቷል፤ ስግደት ትቷል፤ ጫማውን ለማሰር እንኳ ጎንበስ የሚለው ትንፋሹን ይዞ ነው። እንዲህ ተጠንቅቆም ሕመሙ ባሰበት። ጥንቃቄው ራሱ የሕመሙ አንድ ክፍል ሆኖበታል።

በመጀመሪያ ስለዚያ ዲስክ። ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆኖ ከላይም ከታችም አጥብቆ የተያያዘ አካል ነው፤ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ አይወጣም። ዙሪያው ሊያብጥ፣ ሊሰነጠቅ፣ በውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወደ ውጭ ሊገፋ ይችላል። ነርቭ ከነካ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ያመጣል። እንዲህ ገፍቶ የወጣውም ቢሆን በብዙ ሰዎች ላይ በወራት ውስጥ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 33 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወገባቸውን የማያማቸውን ሰዎች ምስል አይቶ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶቹ 37 በመቶ ያህሉ ያረጀ የሚመስል ዲስክ ተገኝቶባቸዋል፤ 30 በመቶ ገደማው ደግሞ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። አንዳቸውንም አያማቸውም። ስለዚህ በምስል የታየ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ይህን ሳያስረዱ ወጣቱን ወረቀቱን ብቻ አስይዞ ማሰናበት፣ እኔ እንደማምነው፣ እሱን መጉዳት ነው።

ታዲያ የሚያመው ምንድን ነው? ከ12 ሳምንት ያለፈ የወገብ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው» ተብሎ የሚጠቆም የተበላሸ ቦታ የለውም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ሌባ የገባበትን ግቢ ውሻ አስቡ። ሌባው ከሄደ ከወራት በኋላም ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል፤ የቤቱ ልጅ በር ሲከፍት እንኳ ይጮኻል። የወገብ ጡንቻና ጅማት ከዳኑ በኋላ የነርቭ ሥርዓታችንም እንዲሁ ነቅቶ ሊቀር ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ የሥራ ጭንቀት፣ «ሽባ ሆኜ እቀራለሁ» የሚል ፍርሃት ውሻውን ይቀሰቅሱታል። እንቅስቃሴ የተነፈገው ጡንቻም እየሰለለ ይሄድና ቀላሉ ሥራ ሳይቀር ይከብደዋል።

ይህን ከማለታችን በፊት ግን በሐኪም መለየት ያለበት ሕመም አለ። በተለይ በወጣት ላይ፣ ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ ወገብን አድርቆ የሚይዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ሲያርፉ ብሶ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ሕመም የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ሌላ ነው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢም አይረሳም፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ከመጡ ምርመራው ይቅደም። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ሥራው የፊዚዮቴራፒስቱና የታካሚው ነው። ጥሩ ባለሙያ «ምን ያምሃል?» ብሎ አያበቃም፤ «ምን ተውክ?» ብሎም ይጠይቃል። አንዷ እንጀራ መጋገር ትላለች፤ ሌላው ኳስ፤ የእኛ ወጣት ደግሞ ስግደት ይላል። ሕክምናው የሚታቀደው ከዚህ መልስ ተነሥቶ ነው፤ ውሻውን ከቤተሰቡ ጋር ዳግም እንደማላመድ።

መጠኑን የሚወስነው የዕለቱ ሕመም ሳይሆን ዕቅዱ ነው። ሲራመድ በ15ኛው ደቂቃ የሚያመው ሰው ከ10 ደቂቃ ይጀምራል። ደህና በዋለበት ቀንም 10፣ ባልተመቸው ቀንም 10። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። ብዙዎች የሚሰናከሉት በዚህ ነው፤ ሲሻላቸው የከረመውን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን ይጨርሱና ቀጥሎ ሦስት ቀን ይተኛሉ። በልምምዱ ጊዜ በ10 ነጥብ መለኪያ እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ ሕመም ቢሰማ፣ በማግስቱ ጠዋትም ወደነበረበት ከተመለሰ፣ ጉዳት አይደለም።

ልምምዶቹም ውድ ዕቃ አይፈልጉም። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ መዘርጋት፣ ለ8 ሰከንድ ያህል መያዝ፣ ከዚያ ማቀያየር። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሣት። ከግድግዳ አንድ ጫማ ርቆ በመቆም፣ ጉልበትን ትንሽ አላልቶ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ ገፍቶ ግድግዳውን ማስነካት፤ ይኼኛው ዳሌን ማጠፍን ያስተምራልና ለጀሪካኑ መንገድ ይጠርጋል። ጀሪካኑ መጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ይያዝ። ስግደቱም ከወንበር ላይ ጎንበስ በማለት ተጀምሮ ቀስ በቀስ መሬት ይደርሳል። ፒላቴስ ይሻላል ወይስ ክብደት ማንሣት እያሉ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ለወራት የማትሰለቹትን ምረጡ።

ማሸትና ሙቀት ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ ያን ፋታ ለመንቀሳቀስ መጠቀም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለአዋቂዎች ባወጣው መመሪያ ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን መክሮ፣ የወገብ ቀበቶንና አከርካሪን መጎተትን ግን አልደገፈም። «ጣውላ ላይ ተኛ» የሚለው የሰፈር ምክርም ቢቀር ይሻላል፤ በስፔን በ313 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ በጣም ከጠነከረው ፍራሽ ይልቅ መካከለኛው ተሽሎ ተገኝቷል።

ሕመሙ በመሀል መመለሱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከአልጋ መዋል የለም። ጀሪካኑ 10 ሊትር ደርሶ ከነበረ ወደ 5 ይመለሳል፤ እግር መንገዱ 20 ደቂቃ ከነበረ 12 ይሆናል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ እንደገና መጨመር ነው።