አዲስ ቅባት ሲሞከርና የምእመኑ ፈቃድ

የደሴ ብርድ ቆዳ ያደርቃል፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ ያሳክካል። ችፌ ያለበት ሰው በሁለቱም ከተማ ዕረፍት የለውም። እጅ ከውኃ፣ ከሳሙናና ከኬሚካል በማይለይበት ሥራ፣ በጨርቃ ጨርቅም ይሁን በቆዳ ፋብሪካ፣ በልብስ አጠባም ይሁን በወጥ ቤት፣ ሕመሙ ይብሳል። የጣት መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ይደማል፤ ሊጥ መንካት ያቃጥላል፤ ማታ እከኩ እንቅልፍ ይነሣል። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም ታማሚው በጉርሻ ጊዜ እጁን ይደብቃል።

እንዲህ ያለውን ምእመን ሐኪም “አዲስ ቅባት በጎልማሶች ላይ እየተሞከረ ነው፤ ትሳተፋለህ?” ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልስ? እሺ ማለት እምነት ማጉደል ነው? እምቢ ማለትስ ወንድምን መበደል ነው? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

መሠረቱን ከሥጋ እንጀምር። ለደሴ ቅርብ በሆነችው በቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ፣ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራክረው የሁለት ልደት ትምህርት ጸና። እግዚአብሔር ወልድ ቅድመ ዓለም ከአብ፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ተወለደ፤ የተዋሐደውም የእኛን ሥጋ ነው፤ የሚራበውን፣ የሚደክመውን፣ የሚቈስለውን። በዚያችው በቦሩ ሜዳ ቀድሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ሆስፒታል ዛሬም በቆዳ ሕክምናው ይታወቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ተገቢ ይመስለኛል። አምላክ የተዋሐደውን ሥጋ የሚያክም እጅ የተቀደሰ ሥራ ይሠራል።

“ጸሎትና ጸበል እያለ ቅባት ምን ያደርጋል?” የሚሉ አሉ። ንጉሥ ሕዝቅያስን እናስታውሳቸው። ለሞት በሚያደርስ ቍስል ታምሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቷል፤ ልጥፉም አልቀረም። ጌታችንም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሲፈውስ በቃሉ ብቻ ማዳን ሲችል ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ከዚህ ሐሳብ የወጣ ነው። ችፌን የኃጢአት ቅጣት የሚያደርግም መጽሐፈ ኢዮብን ይመልከት፤ ጻድቁ ገላውን በገል ሲያክ ወዳጆቹ በደለኛ አደረጉት፤ በመጨረሻ የተገሠጹት ግን እነርሱ ናቸው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ይከብዳል። መድኃኒቱ ገና ካልተረጋገጠ እሱን መቀባት እግዚአብሔርን መፈታተን አይሆንም? አይሆንም። እግዚአብሔርን የሚፈታተን ራሱን ከገደል ወርውሮ አምላክ እንዲያድነው ግድ የሚል ነው፤ ሰይጣን ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ የጠየቀው ይህንን ነበር። የቅባት ሙከራ ግን የሚመረምረው የሰውን እጅ ሥራ ነው። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን እንዲህ አድርገዋል። ዐሥር ቀን አትክልትና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ፤ ከዚያ ፊታቸው የንጉሡን ማዕድ ከሚበሉት ጋር እንዲነጻጸር አደረጉ። የተወሰነ ጊዜ አለ፣ የሚነጻጸር ሌላ ወገን አለ፣ የታየውን የሚፈርድ ተመልካችም አለ። ደግሞም ፈተናውን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

ማነጻጸር ለምን እንደሚያስፈልግ በቅርቡ ከተሠራ ጥናት እንይ። ዴልጎሲቲኒብ የሚባል ስቴሮይድ የሌለበት ክሬም የእጅ ችፌ በጸናባቸው 487 ጎልማሶች ላይ በአውሮፓና በካናዳ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ መድኃኒቱ ያለበትን፣ የቀሩት መድኃኒቱ የሌለበትን ያንኑ ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ ለ16 ሳምንት ተቀቡ። መድኃኒቱን ከተቀቡት ከመቶ 20ው እጃቸው ጠራ ወይም ሊጠራ ጥቂት ቀረው፤ ባዶውን ክሬም ከተቀቡትም 10ሩ እንዲሁ ሆኑ። ሁለተኛው ወገን ባይኖር ኖሮ የሃያውም መሻል ለመድኃኒቱ ይቈጠር ነበር። ሰው “ቀባሁት፣ ዳንኩ” ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ያዳነው ያ ቅባት ስለ መሆኑ ግን ገና አላረጋገጠም። ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ፊታቸውን ለወራት የሚቀቡ እኅቶች ቆዳቸው የሚሳሳው በዚህ “እሷን አድኗታል” በሚል ወሬ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በባዶ እግር አፈር በመርገጥ በሚመጣው የእግር እብጠት፣ በፖዶኮኒዮሲስ፣ የተያዙ 193 ሰዎች በሁለት ክሊኒኮች ለ3 ወር ተሳትፈው፣ እግር በሚነከርበት ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመርና ውኃውን መቀነስ ከነባሩ አያያዝ ጋር ተነጻጸረ። ግሊሰሪኑ የቆዳውን እርጥበት የመያዝ አቅም ይበልጥ አሻሻለ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ውኃ ከሩቅ በእንስራ ለሚቀዳበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

“ታዲያ ለአንዱ ወገን ባዶ ክሬም መስጠት ማታለል አይደለም?” ሁሉም አስቀድሞ ከተነገራቸው አይደለም። ቱቦዎቹ በመልክም በጠረንም አንድ ናቸው፤ በላያቸው ያለው ቍጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም፤ ይህም ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ይነገራል። ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ ግን ሐሰት ነው፤ የሙከራው ጥቅም አያጸድቀውም።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ወደ ፈቃድ። ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት እግዚአብሔር ፈጣሪዋ ነበር፤ ያለ ፈቃዷ ግን አላደረገውም። እርሷም እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጠየቀች። መልአኩ አልተቈጣም፤ አስረዳት። ፈቃዷን የሰጠችው ከተረዳች በኋላ ነው። ፈጣሪ የፍጡሩን እሺታ ከጠበቀ፣ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው በምን ሥልጣኑ ይዘልለዋል? ዓለም ይህን የተማረው በመከራ ነው፤ እስረኞችን አስገድደው የሞከሩባቸው የናዚ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1947 ኑረምበርግ ላይ ሲፈረድባቸው የፈቃድ ሕግ ተጻፈ። እኛም ከታሪካችን የምንማረው አለ፤ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸው ስሕተት ነበር። ሰው በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረው ነጻ ፈቃድ ይዞ ነውና፣ ለነፍሱ ያልተፈቀደው ግዳጅ ለገላውም አይፈቀድም።

በእኛ ዘንድ ፈቃድን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። “ዶክተሩ እንዲህ ደክሞልኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?” ብሎ የሚፈርም አለ። በየቀጠሮው “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሎኛል” የሚልም አለ፤ እጁ እየደማ፣ ሐኪሙ እንዳያዝን። ይህ ትሕትና አይደለም፤ በማያውቀው ወንድም ላይ የሐሰት ምስክርነት ነው። ያልረዳው ቅባት ረዳ ተብሎ ነገ ለሌላው ይታዘዛል። ጸበል ተጠምቀህ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል ቀብተህ እንደ ሆነ ሳትደብቅ ተናገር። የተሰጠሽንም ቱቦ ቡና ላይ ለጎረቤት አታካፍዪ፤ ደግነትሽ ሌላ ጊዜ ይሁን፤ ለእርሷ ያልተመረመረ መድኃኒት ነውና።

እንግዲህ የክርስቶስ ወገኖች፣ ስትጠየቁ ቅጹን ተቀብላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ። ሙከራው በሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየቱንና በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መፈቀዱን ጠይቁ። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክማችሁ፣ በመሐል ብትተዉ የቀድሞ ሕክምናችሁ እንደማይቋረጥ አረጋግጡ። ልባችሁ ካረፈ ስለ ወንድማችሁ ፍቅር ተሳተፉ። ካላረፈ እምቢ በሉ፤ እምቢ ያለ ምእመን ንስሐ የሚገባበት በደል አልሠራም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።