ሰፈራችንን እንወቅ፦ ንፋስ ስልክ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ሰፈራችን ስምና በመሀሉ ስለሚያልፈው ስለ ደብረ ዘይት መንገድ ነው። ሁላችንም ሰፈራችሁ የት ነው ስንባል ንፋስ ስልክ እንላለን። ግን ንፋስ ስልክ ራሱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስልክ ከሚለው እንጀምር። ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ድምፁ የሚሄደው በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ስለነበረ በሽቦው ተጠራ። ቆይቶ ደግሞ ያለ ሽቦ መልእክት የሚልክ የሬዲዮ ቴሌግራፍ መጣ። ሽቦ የለውም፣ መልእክቱ ግን ይደርሳል። ታዲያ በምን ሄደ? በነፋስ ነዋ! ስለዚህ ንፋስ ስልክ ተባለ። ቃል በቃል ካየነው "የነፋስ ሽቦ" እንደ ማለት ነው። ጣቢያው እዚህ ስለነበረ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ።

በሳይንስ ግን ስሙ ልክ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ነፋስም አየርም አያስፈልገውም፣ ምንም አየር በሌለበት ጠፈር ውስጥም ይጓዛል። እንደ አየር ያለ መተላለፊያ የሚፈልገው ድምፅ ነው። (ይቺ ለፈተና ልትመጣ ስለምትችል ያዟት።) ቢሆንም ስሙ ባይታረም ይሻላል እላለሁ፤ ታክሲ ውስጥ "ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ወራጅ አለ!" ብሎ መጮህ ይከብዳል።

በዚሁ መንገድ ወደ ታች ስንወርድ አቃቂ ላይ ደግሞ ትልቅ የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር። የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። በዓመቱ ጣሊያን ሀገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሬዲዮ ለውጭው ዓለም ሕዝብ ንግግር አደረጉ። አስቡት፣ ጣሊያኖች በሠሩት ጣቢያ ጣሊያንን መክሰስ!

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ሐዲዱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ወደ ቃሊቲና አቃቂ ይወጣ የነበረውም በዚህ በእኛ በኩል ነው። ሐዲዱና መንገዱ ጎን ለጎን ስለነበሩ ከባሕር የሚመጣ ዕቃ በዚህ ይገባ ነበር። ፋብሪካ የሚያቋቁም ሰው ደግሞ ዕቃው በቀላሉ የሚደርስበትን ቦታ ነው የሚመርጠው። የቀለም ፋብሪካው፣ የክር ፋብሪካው፣ ቃሊቲና አቃቂ ያሉት ሁሉ እዚህ መስመር ላይ የተደረደሩት ለዚህ ነው።

የፌርማታዎቹን ስም ብቻ ብታነቡ መንገዱ ምን ይሠራ እንደነበር ይገባችኋል። ላንቻ የጣሊያን መኪና ስም ነው። አደይ አበባ የክር ፋብሪካ ነው። ጎተራ የተባለው እነዚያ ከሩቅ የሚታዩት ትልልቅ የእህል ማከማቻዎች ስላሉ ነው። ጎተራ ላይ ማሳለጫው ከመሠራቱ በፊት የነበረው አደባባይ ኮንፊውዥን ይባል ነበር፤ መኪናው ሁሉ ግራ ስለሚጋባ። መንገዱን ራሱን እስካሁን ደብረ ዘይት መንገድ እንለዋለን እንጂ ከተማዋ ስሟ ቢሾፍቱ ከሆነ ቆይቷል።

አያቴ በወጣትነታቸው በኤንትሬ ላይ ረዳት ነበሩ። ኤንትሬ ማለት የድሮ የፊያት ከባድ መኪና ነው። መኪናው ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርጉት፣ ሌሊት ሾፌሩ እንዳይተኛ የሚያጫውቱት እሳቸው ነበሩ። ከዚህ ተነስተው በሞጆ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርገው አሰብ ወደብ ይገቡ ነበር። የአሰብ ሙቀት ጎማ ያቀልጣል ይላሉ፤ ትንሽ የሚያጋንኑ ይመስለኛል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋና መኪኖቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። ለእኛ ሰፈር ግን የመኪናው ጫጫታ ያው ነው።

መስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ በመንገዱ መሀል ስለሚሄድ ዳርና ዳሩ ታጥሯል። ድሮ ሰው እንደፈለገ ይሻገር ስለነበረ አደጋ ይበዛ ነበር ይባላል። አሁን ደግሞ ማቋረጫው እስኪገኝ ረጅም መዞር አለ። የእኛ እድር ድንኳንና ወንበሩ የሚቀመጠው ማዶ ነው፤ ለቅሶ ሲሆን ጎረምሶቹ ወንበሩን ተሸክመው ሲዞሩ ታዩ የለ? አጥሩን የምትዘሉ ልጆች ግን ተዉ፣ እባካችሁ። ባቡሩ ድምፁ ሳይሰማ ይደርሳል።

ሰሞኑን ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ዳር ባሉት ቤቶች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል። የእኛም ቤት ላይ አለ። እማዬ ምልክቱ እንዳይታያት መስኮቱ ጋ ያለውን መጋረጃ አትከፍትም። ከክፍላችንም ሁለት ልጆች መልቀቂያ ወስደዋል። አያቴን ያኔ ወዴት እንደምንሄድ ስጠይቃቸው "እኔ መንገድ ለምጃለሁ፣ አንተ ትምህርትህን ያዝ" አሉኝ። ማታ ግን የድሮ ጎረቤቶቻቸውን ስም በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰምቻቸዋለሁ። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ባቡር ጣቢያው ላይ ስለተጻፈ ይቆያል። ለምን እንደተባለ የሚነግሩን ሽማግሌዎች ግን ኮዬ ፈጬና ሌላም ቦታ ሊበታተኑ ነው።

ስለዚህ ክበባችን አንድ ደብተር ከፍቷል። ቤታችሁ ያሉትን አያት፣ ጡረተኛ ሾፌር፣ ፋብሪካ የሠሩ እናት ጠይቁና በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን ስጡን። የምንሰበስበው ዘወትር ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው። የሚቀጥለው እትም ስለ ቃሊቲ ነው፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ቅድሚያ ትሰጣላችሁ።