አሥር ሰከንድ ይበቃል

የእህቴ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ እሑድ ማታ ስልኳን አቀበለችኝና «አጎቴ፣ እስቲ ተመልከተው፤ ምን ልበል?» አለችኝ።

የክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ የቤት ሥራ የሚጠያየቁበት፣ ኖት የሚለዋወጡበት። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር ይዟል። ዓርብ ዕለት አንዲት ልጅ እንግሊዝኛ ስታነብ አንድ ቃል ተሳስታለች። አንዱ በስልኩ ቀርጿት ኖሮ፣ አፏ የተከፈተበትን ቅጽበት ቆርጦ ስቲከር ሠርቶበታል። ከሥሩ የተሳሳተችው ቃል ተጽፏል። አንዱ ሰላም ሲል ስቲከሩ ይላካል፤ ሌላው የፈተና ቀን ሲጠይቅ ስቲከሩ ይላካል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ «እባካችሁ አጥፉት» ብላለች። የተመለሰላት «አታካብጂ፣ ሙድ እኮ ነው» የሚል ነው።

ግሩፑ ውስጥ 58 ተማሪዎች አሉ። ስቲከሩን የላኩትን ቆጠርኳቸው፤ አምስት ናቸው። ከልጅቷ በቀር የቀሩት 52ቱ ዝም ብለዋል። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለእነዚያ 52 ልጆች ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው በእነሱ እጅ ነው።

ዝም ያሉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ገሚሱ አፍሯል፤ ገሚሱ «ነገ ሙዱ ወደኔ ይዞራል» ብሎ ፈርቷል። ግን ነገሩን ከልጅቷ አልጋ ላይ ሆናችሁ እዩት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስልኳን ትከፍታለች። «እባካችሁ አጥፉት» ያለችበትን መልእክቷን ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ ይታያታል፤ በውስጡ ያዘነው ግን አይታያትም። አምስት ሰው እንደሳቀባት አይደለም የሚሰማት፤ ክፍሉ በሙሉ እንደሳቀባት ነው። ድሮ የትምህርት ቤት ፉገራ የመውጫው ደወል ሲደወል ያበቃ ነበር። ዛሬ እቤት ድረስ ተከትሏት ይመጣል።

አሁን ተስፋ የሚሰጠውን ልንገራችሁ። በካናዳ ተመራማሪዎች ልጆች በትምህርት ቤት ሜዳ ሲጫወቱ በካሜራና በድምፅ መቅረጫ ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ከጥቃቶቹ 88 በመቶው ሲፈጸሙ ሌሎች ልጆች አጠገቡ ነበሩ። ጣልቃ የገቡት ግን 19 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ነው። ጣልቃ ሲገቡስ? ከግማሽ በላይ በሚሆነው፣ ማለትም በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አሥር ሰከንድ! ጥናቱ የተሠራው በሜዳ እንጂ በስልክ ላይ አለመሆኑን አልዘነጋሁም። ተሳዳቢ ግን በሜዳም በስልክም ያለ ተመልካች አይሠራም፤ ተመልካቹ ፊቱን ሲያዞርበት ወኔው ይከዳዋል።

የእህቴ ልጅ ብዙ አላለችም። እየጻፈች እየሰረዘች ቆየችና እንዲህ ብላ ላከች፦ «ይበቃል። ደስ አይልም። እኔ ስቲከሩን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። አድሚን፣ እባክህ ከግሩፑ አንሳው።» ማንንም አልሰደበችም፤ የማንንም ስም አላነሳችም። ጥቂት ደቂቃ ማንም ምንም አላለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ይመታ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ «እውነቷን ነው» አለ። ሌላዋ ደገመችው። አድሚኑ፣ የክፍል አለቃው ነው፣ ስቲከሮቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። የእህቴ ልጅ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። በኢንቦክስ ለልጅቷ «ነገ አብረን እንሂድ?» ብላ ጻፈችላት። እኔ ከሁሉ የምወድላት ይህችን የመጨረሻዋን መልእክት ነው።

«አንድ ሰው ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2007፣ እኛ ሚሌኒየማችንን ስንቀበል በነበረበት ሰሞን፣ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሮዝ ካናቴራ ለብሶ በመምጣቱ ተሰደበ፣ ዛቻም ደረሰበት። ዴቪድ ሼፐርድና ትራቪስ ፕራይስ የተባሉ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ሰሙና 50 ሮዝ ካናቴራ ገዙ። ለጓደኞቻቸው ማታውኑ በኢሜይል መልእክት ላኩ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በሮዝ ልብስ ተሞላ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ሌሎች ለመሳደቢያ በሚጠቀሙበት በዚያው ኢንተርኔት እነዚህ ልጆች ሰው ሰበሰቡበት።

ጥቃቱ በራሳችሁ ላይ ከሆነስ? መጀመሪያ በንዴት አትመልሱ፤ እነሱ የሚጠብቁት እሱን ነው። ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ስክሪንሾት አንሱ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። በቴሌግራም ለእናንተ ብቻ የተላከን መልእክት ላኪው በፈለገ ጊዜ ከእናንተም ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል፤ ስሙንና ዩዘርኔሙንም ይቀይራል። ስለዚህ ስሙ፣ ዩዘርኔሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ይታዩ። ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ ለምታምኑት አዋቂ መንገር። ሰሚ ካጣችሁ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ ሰው ንገሩ።

«ፎቶሽን እለቀዋለሁ» ብሎ የሚያስፈራራ ካለ ገንዘብም ሌላ ፎቶም አትስጡት፤ የሰጠ ሰው ነገም ይጠየቃል። ዕድሜያችሁ ከ18 ዓመት በታች ሳለ ለተነሱ የዕርቃን ምስሎች «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልካችሁ ሳይወጣ፣ ስማችሁም ሳይጠየቅ የምስሉን አሻራ ይመዘግባል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ ተሳታፊዎችም በዚያ አሻራ ምስሉን ለይተው ያነሱታል። ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ በኮምፒዩተር ሥርዓት መልእክት እየደጋገመ በመላክ ሌላውን ሰው ለፍርሃት ወይም ለሥነ ልቦና ጫና የሚዳርግን ሰው እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። «ሙድ እኮ ነው» ፖሊስ ጣቢያ ላይ መልስ አይሆንም።

ስቲከሩን የሠራኸው አንተ ከሆንክ፣ ለአንተም መንገድ አለ። ጥፋቱ የተሠራው 58 ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው፣ 58 ሰው ፊት ይሁን። በጓዳ የሚጠየቅ ይቅርታ ግማሽ ነው። ያንን የሚያደርግ ልጅ እኔ ዘንድ ክብሩ ከፍ ያለ ነው።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ «ሰደቡኝ» ብላ ስትመጣ ስልኳን አትንጠቋት። ብዙ ልጆች ጥቃቱን የሚደብቁት «ስልኬን ይቀሙኛል» ብለው ነው። ሻይ ቀድታችሁ አጠገቧ ተቀመጡ፤ አብራችሁ አንብቡት።

እናንተ ተማሪዎች ግን ነገ አትበሉ። ዛሬ ማታ የክፍላችሁን ግሩፕ ስትከፍቱ ወደ ላይ መለስ ብላችሁ እዩ። ሰሞኑን የተሳቀበት አንድ ልጅ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ሳይጽፍ የቀረ። በኢንቦክስ «ደህና ነህ ወይ?» በሉት።