ብሬስ ሊታሰርላችሁ ነው?

ደራርቦ የበቀለ፣ ወደ ፊት የወጣ ወይም ላይና ታቹ የማይገጥም ጥርስ በብሬስ ይስተካከላል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐኪሙ አፋችሁን የሚያየው በየወሩ ወይም በየስድስት ሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በቀረው ቀን ሁሉ ጥርሱም ብሬሱም በእናንተ እጅ ነው። ይህን የምጽፈውም ለወላጆች ሳይሆን ብሬሱን ለምታደርጉት ለእናንተ ነው። ወላጅ ይከፍላል፣ ያመላልሳል፤ የሚያመው፣ የሚቦርሸው፣ ላስቲክ የሚቀይረው ግን ልጁ ነው። ልጁ ያልገባውና ያልተስማማበት ሕክምና መንገድ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚያስርላችሁ እወቁ

ጥርስን ከቦታው አንቀሳቅሶ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ባለሙያው ኦርቶዶንቲስት ይባላል። ብሬስ እናስራለን የሚል ክሊኒክ ስትሄዱ «የሚያስርልኝ ኦርቶዶንቲስት ነው? በየቀጠሮው የሚያየኝስ እሱ ራሱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ደኅና ሐኪም ደስ ብሎት ይመልሳል።

በቲክቶክ እያያችሁ የጥርስ ክፍተትን በፀጉር ላስቲክ ለመዝጋት በፍጹም አትሞክሩ። ላስቲኩ ቀስ እያለ ከድድ ሥር ይሾልክና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይጎዳል። ጤነኛ የፊት ጥርሳቸውን በዚህ ምክንያት ያጡ ወጣቶች አሉ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ቀን የምትናገሩት

በመጀመሪያው ቀጠሮ ራጅ ትነሳላችሁ፤ ጥርሳችሁ ፎቶ ይነሳል፣ ልኬቱም ይወሰዳል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይሞላል፣ ድድ የሚደማ ከሆነ ጥርሱ ይታጠባል። ሐኪሙ ግን በራጅ የማያየው ነገር አለ፤ እሱን መንገር የእናንተ ድርሻ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁን ወይም አያታችሁን በሕፃንነታችሁ ግግ ወጥቶላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ሕፃኑን ያስቀመጠውና ያስተኮሰው ግግ ነው ተብሎ ከድድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ገና ያልበቀለ የክራንቻ ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አብሮ ሊጎዳና ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ሳይበቅል ሊቀር፣ አለዚያም ቅርጹ ተበላሽቶ ወይም ቦታውን ስቶ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ካወቀ በራጁ ላይ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ቤተሰብንም መውቀስ አያስፈልግም፤ ልጃቸውን ለማዳን ብለው ያደረጉት ነው።

የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ በተለይ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጉ ከሆነ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ልዩ ጥንቃቄ ሊያስፈልግ ይችላል። ጉትቻ ወይም የሰዓት ማሰሪያ ቆዳችሁን የሚያሳክክ ከሆነም አንሱት፤ በብሬሱ ሽቦ ውስጥ ኒኬል አለ።

ሌላው የፍንጭት ነገር ነው። ብዙ ሐኪም በፊት ጥርሶች መካከል ያለን ክፍተት ሲያይ መዝጋት የሥራው አካል ይመስለዋል። ፍንጭት በእኛ አገር የሚወደድ ውበት ነው። ጥርሴ ይስተካከል፣ ፍንጭቴ ግን ይቆይልኝ ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ሐኪሙ የሚቻል መሆኑንና የቀረውን ጥርስ አገጣጠም እንዴት እንደሚነካው ያስረዳችኋል። ይዘጋልኝ የምትሉም ተናገሩ። እናት «ፍንጭቷማ አይነካም» ስትል ልጅቷ ዝም ብላ የምትቀመጥበት ክፍል ትክክል አይመስለኝም። አፉ የእሷ ነው።

ወንጂ፣ መቂ ወይም ዝዋይ አካባቢ አድጋችሁ ጥርሳችሁ ቡናማ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ነው። ብሬስ አሰላለፉን እንጂ ቀለሙን አይለውጥም። ብሬሱን የሚይዘው ማጣበቂያም እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ በቀላሉ ሊለቅ ስለሚችል ለተደጋጋሚ ጥገና ተዘጋጁ።

«ለቦታ ሲባል ጥርስ ይነቀላል» ከተባላችሁ አትደንግጡ፣ ግን ምክንያቱን በራጁ ላይ አሳዩኝ በሉ። መንገጭላው ጠቦ ጥርሶቹ ሲጣበቡ ብዙውን ጊዜ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ይነቀልና ክፍተቱ በሌሎቹ ይሞላል። ሁልጊዜ ግን አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ጊዜውን ከትምህርታችሁ ጋር አስሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ቤተሰብ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጥርስና አጥንት በቀጭን ጅማት የተያያዙ ናቸው። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው ወደሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ፍጥነቱ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዝቶ ማጥበቅ የጥርሱን ሥር ይጎዳል እንጂ ሥራውን አያፋጥነውም። ስለዚህ ሁለት ዓመት የተባለው በልመና ወደ ስድስት ወር አይወርድም።

አሁን ቁጠሩ። በ9ኛ ክፍል ወይም በ10ኛ መጀመሪያ ላይ የታሰረ ብሬስ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይደርስ ሊወልቅ ይችላል። በ11ኛ መጨረሻ ወይም በ12ኛ የታሰረ ግን ከእናንተ ጋር ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ምደባው ደግሞ ብሬስ የሚያጠብቅ ሐኪም ከሌለበት ከተማ ሊጥላችሁ ይችላል። ማንም የማያየው ብሬስ አፍ ውስጥ ሲቆይ ጥርሱ ወዳልታሰበበት ይሄዳል፣ ከሥሩም ይበሰብሳል። በ12ኛ ክፍል ላይ ያላችሁና ጉዳዩ የማያስቸኩል ከሆነ ምደባችሁን አውቃችሁ ብትጀምሩ እመክራለሁ፤ ብሬስ ትልልቅ ሰዎችም ያስሩታል። ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ደግሞ ራጃችሁንና የሕክምና ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ክፍያውንም ብሬሱ ከመታሰሩ በፊት በጽሑፍ ጨርሱ። የተነገራችሁ ዋጋ የየወሩን ቀጠሮ፣ የወለቀ ብራኬት (ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ሽቦውን የሚይዘውን ቁራጭ) መልሶ ማጣበቅን፣ በመጨረሻም ጥርሱ እንዳይመለስ የሚይዘውን ሪቴይነር ይጨምራል? ሪቴይነር ላይ ስትደርሱ ገንዘቡ ካለቀ የሁለት ዓመቱ ልፋት ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ የሚታሰርበት ቀን

በልታችሁ፣ ጥርሳችሁን በደንብ ቦርሻችሁ ሂዱ። ማሰሩ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ መርፌ የለውም፣ አያምም። ከንፈራችሁ በፕላስቲክ ይከፈታል፤ ጥርሱ ላይ የሚኮመጥጥ ቅባት ተቀብቶ ይታጠባል፤ ብራኬቶቹ አንድ በአንድ ተጣብቀው በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃሉ፤ ከዚያ ሽቦው ይገባል። ሽቦውን ከብራኬቱ ጋር ለሚያስሩት ጎማዎች ቀለም ስትመርጡ ነጭና ብርሃን አሳላፊው በአልጫ ወጥ እርድ ወዲያው ቢጫ እንደሚሆን አስቡ። ጠቆር ያለ ቀለም ይሻላል።

ከመውጣታችሁ በፊት የሚወጋ ብራኬት ላይ የሚለጠፍ ዋክስ (ሰም) ተቀበሉ፣ አጠቃቀሙንም እዚያው መስታወት ፊት አንድ ጊዜ ሞክሩት።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሕመሙ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ በማግስቱ ይብሳል፤ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ጥርሱ ሲነካ ይነዝራል፣ የላላም ይመስላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ አፍ ውስጥ ያዝ አድርጎ መትፋትም ያስታግሳል፤ በመጀመሪያ የሚገባው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ይላላል። 

ለምግብ አትቸገሩም፤ ማዕዳችን ለዚህ የተመቸ ነው። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሽሮ፣ በወጥ የራሰ ፍርፍር፣ ሾርባ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ የአቮካዶ ጭማቂ፣ ከጾም ውጭ ደግሞ እርጎና እንቁላል አለ። የሚያስቸግረው ጉርሻ ነው። አክስት ወይም አጎት በፍቅር የጠቀለለውን ትልቅ ጉርሻ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ «ብሬስ ታስሮልኝ ነው፣ ትንሽ ትንሽ አድርጉልኝ» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም።

ከንፈርና ጉንጭ በውስጥ በኩል ይላጣል። የሚወጋውን ብራኬት በጨርቅ አድርቁ፤ ከዋክሱ አተር የምታህል ቆርጣችሁ አድቦልቡሉና ለጥፉበት። ለብ ያለ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ በቀን ሁለት ሦስቴ ተጉመጥመጡ። አፋችሁ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይለምደዋል። ምላሳችሁ የሚያደናቅፋችሁ ከሆነ በየቀኑ ትንሽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ቶሎ ይስተካከላል።

ደረጃ 6፦ እስኪወልቅ የሚተው ምግብ

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ሽንብራ፣ ማስቲካ፣ ጠንካራ ከረሜላ፣ በረዶ ይቅር። ሸንኮራ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በጥርስ ይላጣል፣ ስኳር ነው፣ ጭረቱም ሽቦው ውስጥ ይሰካል። የተጠበሰ በቆሎ ፍሬው ተፈልፍሎ፣ ማንጎ ከፍሬው ላይ በቢላ ተነስቶ፣ ካሮት ተቀቅሎ ይበላል። ሥጋ አጥንቱ ላይ እንዳለ አትጋጡ፤ ቁርጥም ቢሆን በትንንሹ ተከትፎ በመንጋጋ ይታኘክ። እስክሪብቶ የምታኝኩ ከሆነ ይህን ልማድ የምትተዉበት ጊዜ ነው።

ለስላሳ መጠጥ ብራኬት አያስለቅቅም፣ ስለዚህ ብዙዎች ይንቁታል። ጉዳቱ የሚታየው ብሬሱ ሲወልቅ ነው፤ ብራኬቱ የነበረበት ዙሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ይቀራል። ምልክቱ ጥርሱ መበስበስ መጀመሩን ያሳያል፣ ብዙውን ጊዜም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስኳር የበዛበት ሻይም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፉት ከማለት ከምግብ ጋር አንዴ መጠጣት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ መቦረሽ

በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል ከምሳም በኋላ። ብሩሹን መጀመሪያ ከብራኬቱ በላይ ድዱ ጠርዝ ላይ፣ ቀጥሎ ከብራኬቱ በታች አዘንብላችሁ፣ በትንንሹ እያሻችሁ ሂዱ፤ ከዚያ የውስጡና የሚያኝከው ገጽ ይከተላል። ከሽቦው ሥር በጥርስ መካከል የምታጸዳ ትንሽ ብሩሽ ትግባ። ሥራው አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ማታ ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ይቆይ። ውሃ በጠፋ ቀን አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

መፋቂያ የለመዳችሁ ለጊዜው ብሩሽን ዋና አድርጉ። እንጨቱ ከሽቦው ሥር አይገባም፣ ሲጫኑትም ብራኬት ሊያላቅቅ ይችላል። ትምህርት ቤት መቦረሻ ቦታ ከሌለ ውሃ ደጋግማችሁ ተጉመጥመጡ፣ መስታወትም ያዙ። ድዳችሁ ስለደማ መቦረሽ አታቁሙ፤ የሚደማው ቆሻሻ ስለተጠራቀመበት ነውና በደንብ ሲጸዳ በቀናት ውስጥ ይቆማል።

ጾምም ምክንያት አይሁን። በረመዳን የምትጾሙ ከሱሑር በኋላና ከመተኛታችሁ በፊት ቦርሹ። በዓቢይ ጾም ደግሞ ምግቡ ወደ ከሰዓት ስለሚሄድ ማታ የሚደረገውን ጽዳት አታሳልፉ።

ደረጃ 8፦ ሲሰበርና ሲወጋ

የለቀቀ ብራኬት ሽቦው ላይ ከተንጠለጠለ አትጎትቱት፤ ዋክስ አድርጉበትና ለክሊኒኩ ደውሉ። የሚወጋን የሽቦ ጫፍ በእርሳስ ላጲስ በቀስታ ወደ ጥርሱ ግፉት፤ ካልሆነ ዋክስ ሸፍኑበት። ብራኬት ብትውጡ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ውጣችሁት ካሳላችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። የወለቀን ብራኬት እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ዝም ማለት አንድ ወር ማባከን ነው፤ ያ ጥርስ በዚያ ወር እንደታሰበው አይንቀሳቀስም።

እግር ኳስ፣ ካራቴ ወይም ቅርጫት ኳስ የምትጫወቱ ለብሬስ የሚሆን የጥርስ መከላከያ ጠይቁ።

በላይና በታች ጥርስ መካከል የሚወጠር ላስቲክ ከታዘዘላችሁ ከምግብና ከመቦረሻ ሰዓት በቀር ሌሊቱንም ጭምር አይውለቅ፤ በየቀኑም ይቀየር። አንድ ቀን ብትረሱ በማግስቱ ሁለት አትደርቡ። ይህን ላስቲክ እንደታዘዘው አለማድረግ ሕክምናውን ከተባለው ጊዜ ሊያስረዝመው ይችላል።

ደረጃ 9፦ ሰው ፊት መሳቅ

የሚያሾፍ ይኖራል። ለሳምንት ያህል «ሽቦ» የሚሉ የክፍል ጓደኞች ይኖራሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። እኔን የሚያሳስበኝ በእጅ ወይም በነጠላ ጫፍ አፍን ሸፍኖ መሳቅ ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ብሬሱ ወልቆም ከእጅ አይወጣም። ፎቶ ስትነሱ ፈገግ በሉ። የሚሳደብና የሚያስፈራራ ካለ ደግሞ ለወላጅና ለመምህር ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

ደረጃ 10፦ ከወለቀ በኋላ

ብሬሱ በወለቀ ቀን ጥርሱ ገና አልረጋም። በዙሪያው ያለው አጥንትና ጅማት እስኪጠነክር ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይፈልጋል፤ የሚይዘው ሪቴይነር ነው። ሐኪሙ እንዳዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ይደረጋል። በፈላ ውሃ አትጠቡት፣ ይጣመማል፤ ቀዝቃዛ ውሃና ብሩሽ ይበቃዋል። ስትበሉ በናፕኪን ጠቅልላችሁ ማዕድ ላይ አታስቀምጡ፤ ከፍርፋሪው ጋር ተጠርጎ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ።

ለዩኒቨርሲቲ ሻንጣ ስታዘጋጁ ሪቴይነሩ ከነሳጥኑ ይኑር፤ አቅም ከፈቀደ መለዋወጫ አሠሩ። ጥቂት ሌሊት ዘልላችሁ ስታደርጉት ከጠበባችሁ ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያው ሌሊት መልሳችሁ ጀምሩ። ጭራሽ አልገባ ካለ በኃይል አትጫኑት፤ የሴሚስተሩን እረፍት ሳትጠብቁ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።